ጠያቂ ቃልና አዛማጅ ቃል፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስው በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

የአንድ አገር የትምህርት ታሪክ በአዋጆችና በተሠሩ ሕንፃዎች ብዛት ብቻ የሚጻፍ አይደለም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፈው በሚጠፉ ጥቃቅን ቃላት ምክንያት መምህርና ተማሪ ያዩት ድካምም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ብዙ ቀይ ቀለም ካስፈሰሱት ጥቃቅን ቃላት መካከል «ሁ»፣ «ሁም»፣ «ሁዝ»፣ «ዊች»፣ «ዌር» እና «ዌን» የተባሉት ይገኙባቸዋል። እነዚህ ቃላት ሁለት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛው መጠየቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ መጠይቅ ተውላጠ ስም ይባላሉ። ሁለተኛው አንድን ስም ስለ እርሱ ከሚናገረው ሐረግ ጋራ ማያያዝ ነው፤ በዚህ ጊዜ አዛማጅ ተውላጠ ስም ይባላሉ። «ሁ ኬም?» ሲባል «ማን መጣ?» ማለት ሲሆን፣ «ዘ ገርል ሁ ኬም» ሲባል ግን «የመጣችው ልጅ» ማለት ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የፈጸመውን ሁለት ሥራ አማርኛ «ማን» እና «የ» ለተባሉ ሁለት መሣሪያዎች አከፋፍሎታል።

ይህ ልዩነት በየትኛውም የኢትዮጵያ ክፍል የሚታይ ቢሆንም፣ አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች ጎልቶ ይታያል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በአዲሱ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በገበያቸው፣ በአውቶቡስ መናኸሪያቸውና በትምህርት ቤታቸው ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። አንድ ተማሪ ከቤቱ በኦሮምኛ ወጥቶ፣ በመንገድ አማርኛ ሰምቶ፣ ክፍል ሲገባ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። የእንግሊዝኛ መምህሩም በአንድ ወንበር ላይ በሁለት ቋንቋ የሚያስቡ ልጆችን ባንድነት ያስተምራል። እነዚህ ልጆች በ«ሁ» እና በ«ዊች» ላይ የሚሠሩት ስሕተት ከምን እንደሚመነጭ ለመረዳት ግን የሦስት ቋንቋዎችን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል።

በአገሩ ቋንቋዎች ያለው ሥርዓት

ነገሩን ከግእዝ መጀመር ይገባል። በግእዝ ጠያቂዎቹ ቃላት «መኑ»፣ «ምንት»፣ «አይ»፣ «አይቴ» እና «ማእዜ» ናቸው። አዛማጆቹ ደግሞ ለወንድ «ዘ»፣ ለሴት «እንተ»፣ ለብዙ «እለ» ናቸው። በቤተ ክህነት ትምህርት የሰዋስውን አገባብ የተማረ ሰው ሁለቱን ወገኖች አያደባልቅም፤ በመልክም በሥራም የተለያዩ ናቸውና። «ዘ» ከጠያቂ ቃል የተወለደ አይደለም፤ ዘመዱ «ዝ» እና «ዝንቱ» የተባለው አመልካች ቃል ነው። ስለዚህም የግእዝ ሰው አንድን ስም ከሐረጉ ጋራ ሲያያይዝ ወደ ነገሩ በጣቱ እንደሚያመለክት ሰው ይሠራል ማለት ይቻላል።

አማርኛም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ጠያቂዎቹ «ማን»፣ «ምን»፣ «የት»፣ «መቼ»፣ «ስንት» ሲሆኑ አዛማጁ በግሥ ራስ ላይ የሚቀመጠው «የ» ወይም «የሚ» ነው። የአማርኛ አዛማጅ ከግሡ ጋራ ስለሚዋሐድ ብቻውን ቆሞ አይታይም፤ «ለመጣው» እና «ከመጣው» በሚሉት ቃላት እንደሚታየውም መስተዋድድ ሲቀድመው ጨርሶ ይጠፋል። ይህ ጠባዩ አማርኛን ያጠኑ የውጭ ሊቃውንትን ጭምር አድክሟል። ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው በላቲን ሲያሳትም፣ ካርል ኢዘንበርግም እ.ኤ.አ. በ1842 ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ የአማርኛ ሰዋስው ሲያወጣ፣ ለአውሮፓዊ አንባቢ ተነጥሎ የማይቆም አዛማጅን ማስረዳት ነበረባቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ኢትዮጵያዊው የቋንቋ ሊቅ ኃይሉ ፉላስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአማርኛ የዝምድና ሐረጎች ላይ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። እንግሊዛዊው በ«የ» ፊት የተቸገረውን ያህል ኢትዮጵያዊው ተማሪ በ«ሁ» ፊት ቢቸገር ሊያስደንቅ አይገባም።

ኦሮምኛ ከሴም ቋንቋዎች ወገን ሳይሆን ከኩሽ ወገን ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ከአማርኛ ጋራ ይስማማል። ጠያቂዎቹ «ኤኙ»፣ «ማል»፣ «ኤሳ»፣ «ዮም» እና «ከም» ናቸው፤ አዛማጁ ደግሞ «ከን» ነው። «ከም» የትኛው ብሎ ሲጠይቅ፣ «ከን» ያዛምዳል። በተጨማሪም «ከን» እንደ አማርኛው «የ» እና እንደ ግእዙ «ዘ» ባለቤትነትንም ያመለክታል። ቻርልስ ፈርጉሰንና ባልደረቦቹ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1976 መጽሐፍ ሆኖ በወጣው ጥናት፣ የሴምና የኩሽ ቋንቋዎች ለረጅም ዘመን ተጎራብተው በመኖራቸው ብዙ ጠባይ እንደተዋረሱ አመልክተዋል። የስም መጠየቂያው ለዚህ መልካም ምስክር ነው። አማርኛ «ስምህ ማን ነው?» ይላል፤ ኦሮምኛ «መቃን ኬ ኤኙ?» ይላል፤ ትግርኛ «ስምካ መን እዩ?» ይላል። ሦስቱም ስምን የሚጠይቁት ሰውን በሚጠይቁበት ቃል ነው። እንግሊዝኛ ግን ስምን «ዋት» ብሎ እንደ ዕቃ ይጠይቃል። ስለዚህ «ሁ ኢዝ ዩር ኔም?» ብሎ የጻፈ የቡራዩ ተማሪ የሦስት ቋንቋዎችን ሥርዓት በታማኝነት ወደ አራተኛው አሻግሯል።

በአንድ ነገር ግን ኦሮምኛ ከአማርኛ ተለይቶ ወደ እንግሊዝኛ ይቀርባል። በአማርኛ «ትናንት የመጣው ሰው» ሲባል ሐረጉ ቀድሞ ስሙ ይከተላል። በኦሮምኛ ግን «ነሚቺ ከን ከሌሳ ዹፌ» ሲባል እንደ እንግሊዝኛው ስሙ ይቀድማል፤ ሐረጉም ይከተላል። «ከን» ሳይነገር ቢቀርም ሐሳቡ አይጎድልም። በዚህም የተነሣ በአንድ ክፍል ውስጥ በኦሮምኛ አፉን የፈታው ተማሪ የቃላቱን ተራ ቶሎ ሲይዝ፣ አዛማጁን ግን ሊዘነጋው ይችላል። በአማርኛ አፉን የፈታው ደግሞ አዛማጅ እንደሚያስፈልግ አይስትም፤ የሚያስቸግረው የት እንደሚያስቀምጠው ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በተለያየ ምክንያት ይሳሳታሉ።

እንግሊዝኛ የመጣበት መንገድ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ «ሁ» ለሰው፣ «ዊች» ለዕቃና ለእንስሳ ብሎ ሲደነግግ ሕጉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 እ.ኤ.አ. ከመውረራቸው በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ህዋ» እና «ህዋት» የተባሉት የዛሬዎቹ «ሁ» እና «ዋት» አባቶች ዋና ሥራቸው መጠየቅ ነበር። አንዳንድ ጊዜም «ማንም» እና «ምንም» እንደሚሉት የአማርኛ ቃላት ያልታወቀ ሰውን ወይም ነገርን ያመለክቱ ነበር። ስምን ከሐረጉ ጋራ ያያይዝ የነበረው መልኩ የማይለዋወጥ አንድ ትንሽ ቃልና ከአመልካች ተውላጠ ስም የተወሰዱ ቃላት ነበሩ። ዛሬ «ዛት» የሚባለው አዛማጅ የዚያ የአመልካች ወገን ልጅ ነው። በሌላ አነጋገር የጥንቱ እንግሊዛዊ እንደ ግእዝ ተናጋሪ ጠያቂውን ለመጠየቅ፣ አመልካቹን ለማዛመድ ይጠቀም ነበር።

ጠያቂዎቹ ቃላት ወደ ማዛመድ የገቡት ቀስ በቀስ ነው። በሩን የከፈተላቸውም «ማንም ይሁን የመጣው» የሚል ትርጉም የነበራቸው የጠቅላላ አነጋገሮችና «ማን እንደመጣ አውቃለሁ» እንደሚባለው ያሉ ቀጥተኛ ያልሆኑ ጥያቄዎች ናቸው። አማርኛም እዚህ ደጃፍ ድረስ ደርሷል፤ «ማንም የሚመጣ ሰው» ይላልና። ነገር ግን «ማንም» ካለ በኋላ እንኳ «የሚ»ን አልተወም፤ ጠያቂው ብቻውን የማዛመዱን ሥራ እንዲወስድ አልፈቀደለትም። እንግሊዝኛ ግን ደጃፉን አልፎ ገባ። ጠያቂ ቃላቸውን ለማዛመድም የሚጠቀሙት ላቲንና ፈረንሳይኛ ለዚህ እንዳበረታቱት ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ። በመጀመሪያ «ዊች»፣ «ሁም» እና «ሁዝ» ተስፋፉ። «ሁ» ባለቤት ሆኖ ማዛመዱ የተለመደው ከሁሉ ዘግይቶ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው።

ሰውን ከዕቃ የሚለየው ደንብም የኋላ ዘመን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በአባታችን ሆይ ጸሎት ለእግዚአብሔር የገባው አዛማጅ «ዊች» ነው። የዛሬ መምህር ያንን ቢያርም «ሁ» ያደርገው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1711፣ ሪቻርድ ስቲል «ስፔክቴተር» በተባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ «ሁ» እና «ዊች» አቤቱታ ያቀረቡ አስመስሎ የቀልድ ጽሑፍ አወጣ። አቤቱታውም «ዛት» የተባለው ቃል ቦታችንን ነጥቆ አፈናቀለን የሚል ነበር። ቀልዱ በታሪክ ዓይን ሲታይ የተገላቢጦሽ ነው፤ የቦታው ጥንታዊ ባለርስት «ዛት» ሲሆን፣ ከሳሾቹ ከጥያቄ ሰፈር የመጡ እንግዶች ናቸውና።

በዚሁ በ18ኛው መቶ ዓመት የሰዋስው መጻሕፍት በብዛት መታተም ጀመሩ። ሮበርት ሎውዝ እ.ኤ.አ. በ1762፣ ሊንድሊ መሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1795 ያወጧቸው መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ ተሠራጩ። የመሪ መጽሐፍ በእንግሊዝና በአሜሪካ ደጋግሞ እየታተመ ለብዙ ትውልድ የማስተማሪያ መሠረት ሆነ። «ሁ» እና «ሁም» እንዴት እንደሚለዩ፣ መስተዋድድ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ መምጣቱ የተገባ መሆን አለመሆኑ በእነዚህ መጻሕፍት ተዳኘ። በ20ኛው መቶ ዓመትም የፋውለር ወንድማማች እ.ኤ.አ. በ1906፣ ሄንሪ ፋውለርም ብቻውን እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው መጽሐፍ፣ «ዛት» ስሙን ለይቶ ለሚወስን ሐረግ፣ «ዊች» ደግሞ ተጨማሪ ነገር ብቻ ለሚናገር ሐረግ ቢመደብ መልካም ነው የሚል ሐሳብ ቀረበ። አሜሪካውያን አርታዒዎች ምክሩን እንደ ሕግ ሲቀበሉት፣ እንግሊዛውያን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ።

ሕጉ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ

ከጣልያን ወረራ በፊት በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 ዓ.ም. በተመሠረተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ቢሰጥም ሁለተኛ ቦታ ይዞ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞች ጋራ ሆኖ ጣልያንን በማስወጣቱ የእንግሊዝ ተጽዕኖ በረታ፤ እንግሊዝኛም የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ፤ የጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ተከተለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ እስኪሆን ድረስ ልጆች ገና ከታች ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም መልክዐ ምድሩንም በእንግሊዝኛ ይማሩ ነበር።

መምህራኑ ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ነበሩ። በተፈሪ መኰንንና በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የካናዳ ኢየሱሳውያን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዛውያንና በርካታ ሕንዳውያን ያስተምሩ ነበር፤ ከ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በየክፍለ ሀገሩ ተሠማሩ። እያንዳንዱ መምህር የተማረበትን ሰዋስው ይዞ መጣ። አንድ ተማሪ በአንድ ዓመት ከእንግሊዛዊ መምህር «ዊች» ብሎ የተማረውን በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካዊው «ዛት» በል ብሎ ሊያርምበት ይችል ነበር። ሕጉ ከሎውዝና ከመሪ ዘመን ጀምሮ የተጻፈው ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋራ ለጠባ እንግሊዛዊ ልጅ ነው፤ ዓላማውም የሚናገረውን ማረም ነበር። ኢትዮጵያዊው ልጅ ግን የሚታረም እንግሊዝኛ ይዞ አልመጣም፤ ይዞ የመጣው ሌላ፣ በራሱ የተሟላ ሥርዓት ነው። በዚህም የተነሣ ደንቡ በቃል ተጠና፤ ለፈተናም ተጻፈ፤ ከልጁ ቋንቋ ጋራ ግን ሳይገናኝ ኖረ።

በ1984 ዓ.ም. ለኦሮምኛ የላቲን ፊደል ተመረጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደነገገ። በኦሮሚያ ኦሮምኛ እስከ 8ኛ ክፍል ማስተማሪያ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የሳይንሱም የታሪኩም ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ የሰበታና የሱሉልታ ልጅ ቀድሞ ስለ አገሩ ቋንቋ የተማረውን ሰዋስው ከእንግሊዝኛው ጋራ ለማነጻጸር ከቀድሞዎቹ ተማሪዎች የተሻለ ዕድል አለው። ዕድሉ ጥቅም ላይ የሚውለው ግን መምህሩ ንጽጽሩን ሲያውቀው ነው።

ስሕተቱና ምክንያቱ

በክፍል ውስጥ ደጋግመው የሚታዩት ስሕተቶች ሲመረመሩ እያንዳንዳቸው ምክንያት ይገኝላቸዋል። «ያየኋት ልጅ» በሚለው አማርኛ ግሡ «ኋት» የሚል የተሳቢ ምልክት ይዟል። ተማሪው ይህን ምልክት ላለመጣል ሲል «ዘ ገርል ሁ አይ ሶ ኸር» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛው ግን አዛማጁ ራሱ የተሳቢውን ቦታ ስለያዘ «ኸር» ትርፍ ነው ይላል። «አባቱ የሞተበት ልጅ» የሚለውንም ተማሪው «ዘ ቦይ ሁ ሂዝ ፋዘር ዳይድ» ያደርገዋል፤ ምክንያቱም በአማርኛ ባለቤትነቱ በ«አባቱ» ውስጥ ባለው ምልክት ታውቋልና «ሁዝ» ለሚባል ልዩ ቃል ጉዳይ የለውም።

የቦታ አዛማጅም እንዲሁ ነው። ገፈርሳ ከቡራዩ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ የውኃ ግድብ ነው። «ገፈርሳ ውኃ የሚጠራቀምበት ስፍራ ነው» ሲባል «በት» የተባለችው ምልክት መስተዋድዱንም ተውላጠ ስሙንም ባንድነት ትሸከማለች። እንግሊዝኛው ይህን በ«ዌር» ወይም በ«ኢን ዊች» ይተረጉማል። ተማሪው «በት»ን ለብቻ ፈትቶ «ዊች» ካለ በኋላ በመጨረሻው «ኢን ኢት» ሲጨምር ስሕተት ቢሆንም፣ አንዲቱን የአማርኛ ምልክት በትክክል እንደተነተናት ያሳያል። «ሱሉልታ ሯጮች የሚለማመዱባት ከተማ ናት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አስተርጉሞ «ባት» የት እንደገባች ተማሪውን መጠየቅ ደንቡን አሥር ጊዜ ከማስጻፍ የበለጠ ያስተምራል።

ሌላው ስሕተት በጥያቄ ውስጥ በሚደረገው የቃላት መገለባበጥ ላይ ነው። «የት እንዳለ አላውቅም» የሚለውን ብዙዎች «አይ ዶንት ኖው ዌር ኢዝ ሂ» ይሉታል። አማርኛው «እንደ»ን፣ ኦሮምኛውም «ኤኙ አከ ዹፌ ነን ቤከ» በሚለው ውስጥ እንዳለው «አከ»ን አስገብተው ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ መቅረቱን ያስታውቃሉ። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ቃል አያስገባም፤ ምልክቱ ግሡ ወደ ቦታው መመለሱ ብቻ ነው። ተማሪው «ዌር ኢዝ» የሚለውን ጥያቄ ከታች ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ቃል ስላጠናው ሁለቱን ለመለያየት ይቸገራል። በአንጻሩ አማርኛ «ስንተኛ» ብሎ በአንድ ቃል የሚጠይቀውን እንግሊዝኛ የሚጠይቅበት አንድ ቃል የለውም፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ይለዋል። ጉድለት በአንድ ወገን ብቻ አለመኖሩን ተማሪው ማወቁ መልካም ነው።

ነጠላ ሰረዝም የራሷ ጣጣ አላት። «ከሱሉልታ የመጡት ተማሪዎች አልፈዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ያለ ሰረዝ ሲጻፍ ከሱሉልታ የመጡት ብቻ አለፉ ማለት ይሆናል። ሐረጉ በሁለት ሰረዞች መካከል ሲገባ ግን ተማሪዎቹ ሁሉ አልፈዋል፤ ሁሉም ደግሞ ከሱሉልታ ናቸው ማለት ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት በሰረዝ አያሳይም፤ ከንግግሩ አካሄድ ይታወቃል። ስለዚህ ተማሪው ሰረዙን እንደ ጌጥ ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

በሰበታ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ የሚያሳይ ትምህርት ቤት አለ። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ለማየት ለተሳናቸው ልጆች በብሬል ሲያስተምር ኖሯል። ብሬል በፈረንሳይ አገር ለፈረንሳይኛ የተሠራ ስለ ሆነ በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ውስጥ «ደብልዩ» የተባለው ፊደል ተራ አልነበረውም፤ የተጨመረው ለእንግሊዝኛ ሲባል ነው። በእንግሊዝኛ አኅጽሮተ ብሬል ግን የጠያቂ ቃላት መነሻ የሆኑት ሁለቱ ፊደላት፣ «ደብልዩ» እና «ኤች»፣ ባንድነት አንድ ምልክት ብቻ አላቸው። እርሱም 1ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ነጥብ ነው። ይህ ምልክት ብቻውን ሲቆም «ዊች» ተብሎ ይነበባል፤ 5ኛው ነጥብ ሲቀድመው «ዌር»፣ 4ኛውና 5ኛው ነጥብ ሲቀድሙት «ሁዝ» ይሆናል። «ዛት» ግን በ«ቲ» ፊደል ብቻ ይጻፋል። በጣቱ የሚያነብ ተማሪ የጥያቄ ወገን የሆኑት አዛማጆች አንድ ቤተ ሰብ መሆናቸውን፣ «ዛት» ደግሞ ከሌላ ቤት መምጣቱን በዳሰሳ ያገኘዋል። የዓይን አንባቢ ከታሪክ መጽሐፍ የሚማረውን እርሱ በስድስት ነጥቦች ይደርስበታል።

የትምህርቱ ተራ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ለሥራ የሚሆን አንድ ነገር ያስገነዝባል። እንግሊዝኛ ራሱ በመጀመሪያ ያዛምድ የነበረው በአመልካች ወገን ቃል ነው፤ ጠያቂዎቹ ኋላ ተጨመሩ። ግእዝ በ«ዘ»፣ አማርኛ በ«የ»፣ ኦሮምኛ በ«ከን» ለማዛመድ ጠያቂ ያልሆነ መሣሪያ ይዘው ኖረዋል። እንግዲህ ትምህርቱ የታሪኩን ተራ ቢከተል፣ ከ«ዛት» ቢጀምር፣ ተማሪው ከሚያውቀው መነሣት ይችላል። «ዛት» ሰውንና ዕቃን አይለይም፤ «የ»ም አይለይም። «ዛት» ተሳቢ ሲሆን ሊቀር ይችላል፤ «ከን»ም ሊቀር ይችላል። ልዩነቱ «ዛት» ባለቤት ሲሆን አለመቅረቱ ነው፤ ይህንንም በኦሮምኛ አፉን ለፈታው ተማሪ ለይቶ መንገር ይበቃል። «ዛት» በጽኑ ከተተከለ በኋላ «ሁ» እና «ዊች» በጥያቄ መልካቸው ተምረው የተለመዱት ቃላት ሁለተኛ ሥራ መያዛቸው ተነግሮ ሊገቡ ይችላሉ። ለመጨረሻ የሚቀሩት «ዛት» የማይገባባቸው ቦታዎች ናቸው፤ እነዚህም በሰረዝ የተከበበው ሐረግ፣ መስተዋድድ የቀደመው አዛማጅና «ሁዝ» ናቸው።

ጉዳዩ ከሰዋስው ክፍለ ጊዜ የሚያልፍ ነው። «ዊች ኦቭ ዚዝ ኢዝ ዘ ጋዝ ዊች ፕላንትስ ጊቭ አውት?» የሚል የሳይንስ ጥያቄ የቀረበለት ተማሪ ሁለት «ዊች» ያያል። አማርኛው «ዕፀዋት የሚያወጡት ጋዝ ከእነዚህ የትኛው ነው?» ሲል «የሚያወጡት» እና «የትኛው» ሳይምታቱ ይቆማሉ። የመጀመሪያውን «ዊች» ከሁለተኛው ያልለየ ተማሪ መልሱን እያወቀ ጥያቄውን ሊስት ይችላል። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺሕ የሚጠጉ ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ በሁለት ቃላት ላይ የሚጫን አይደለም። ነገር ግን የአብዛኛው ፈተና ቋንቋ እንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ፣ ጥያቄን በትክክል ማንበብ ለዕውቀት ሁሉ በር መሆኑ አይካድም።

የእንግሊዝኛ መምህር በቀይ ቀለም ከማስመሩ በፊት ስሕተቱ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ ቢጠይቅ፣ ልጁ የሚያውቀው ነገር ብዙ መሆኑን ያገኛል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያለው ተማሪ «ከም»ን ከ«ከን»፣ «ማን»ን ከ«የ» ለይቶ ወደ ክፍል የሚመጣ ነው። የጎደለው እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለት ሥራዎች መቼና ለምን ለአንድ ቃል እንደሰጠ የሚነግረው ሰው ነው። ይህንንም ለመንገር የሚያስፈልገው መጽሐፍ አስቀድሞ በልጁ አፍ ላይ ተጽፏል፤ መምህሩ ገልጦ ሊያነበው ይገባል።